የሚበጠስና የሚሰበር

ሰው አሮጌ ዕቃ በሚያድስበት ጊዜ አብዝቶ የሚያስበው ስለሚጨምረው አዲስ ነገር ነው እንጂ ያንን አዲስ ነገር ስለሚሸከመው ስለ አሮጌው አካል አይደለም። ጣራ የሚለውጥ ሰው ስለ ቆርቆሮው ይጨነቃል፤ ቆርቆሮው ስለሚያርፍበት ግድግዳ የሚያስበው ግን ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ልብስ የሚጥፍ ሰውም ጠንካራ ጨርቅ ፈልጎ በሳሳው ቀሚስ ላይ ይሰፋል፤ ጥቂት ቀን ሲቈይ የተጣፈው ቦታ ደኅና ሆኖ ሳለ ዙሪያው ተቀዶ ይገኛል። ይህ ምሳሌ በወንጌል ስላለ ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢያውቀውም በገዛ ቤቱ ሲደርስ ይረሳዋል።

ነገሩ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአውታር በሚመታ መሣሪያ ላይ ነው። የአንድ አሮጌ በገና ወይም የአንድ አሮጌ ፒያኖ አውታር ሲበጠስና ሲዝግ፣ በምትኩ ምን ይታሰርበት? የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ለሚያየው የገበያ ጥያቄ ይመስለዋል፤ ማለት የቱ ይረክሳል፣ የቱ ይቈያል፣ የቱ በቅርብ ይገኛል የሚል ነው። እኔ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው እላለሁ። ምክንያቱም አውታሩን የሚመርጠው ሰው የሚፈርደው ለራሱ ብቻ ሳይሆን መናገር ለማይችሉ ሦስት ወገኖች ነው፤ ይኸውም መሣሪያውን ሠርቶ ለሞተው ባለ እጅ፣ ለመሣሪያው ለራሱ፣ ከእርሱም በኋላ ለሚወርሰው ሰው ነው።

በመጀመሪያ ስለ በገና እንናገር። በገና ዐሥር አውታር አለው። ከታች በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፣ ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ምሰሶዎች፣ በምሰሶዎቹ ራስ ላይ የተጋደመ ቀንበር፣ በቀንበሩም ላይ አውታሩ የሚጠመጠምባቸው መቃኛዎች አሉት፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። አባቶች ይህን ሁሉ ክፍል በምሥጢር ይተረጕሙታል፤ ዐሥሩን አውታር ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱን ምሰሶ ሚካኤልና ገብርኤል፣ ገበቴውን እመቤታችን ይሉታል። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቍራጭ ቆዳ ይገባል፤ በገናን ከክራር የሚለየው ያ የሚነዝር፣ የሚያጕረመርም ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ያን ቆዳ እየነካ ሲርገበገብ ነው። ስለዚህ የአውታሩ ውፍረት በተለወጠ ቍጥር እንዚራውም እንደ ገና መስተካከል አለበት፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን ሳይነኩ መተው አይቻልም።

ከጥንት ጀምሮ የበገና አውታር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይገመዳል፣ ተወጥሮም ይደርቃል። ቀጭኑ ቀጭን ድምፅ፣ ወፍራሙ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምነዋለሁ። የበገና አውታሮች ቁመታቸው የተቀራረበ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ድምፅና በሌላው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው ውፍረቱና ውጥረቱ ብቻ ነው። በውፍረት የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን በውጥረት ሊያርመው ይገደዳል፤ ውጥረቱንም የሚከፍለው ቀንበሩ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸናና ከሞጣ ወገን፣ ግንደወይን የምትባል ከተማ አለች። ቃሉ በግእዝ ሲፈታ የወይን ግንድ ማለት ነው። አገሩ ጤፍ የሚዘራበት፣ ቅኔ የሚቈጠርበት አገር ነው፤ ስለ ቃናና ስለ ቅኝት ክርክር ቢነሣ የሚፈርድ ሰው አይጠፋበትም። በዚያ አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰው በገና ነበረው። አባቱ ከሞቱ በኋላ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብዙ ዓመት ስለ ቈየ ከዐሥሩ አውታር ያልተበጠሱት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እንጨቱና ቆዳው ግን ደኅና ነበር። ሁዳዴ ሲቀርብ ሰውዬው በገናውን ሊያሳድሰው ዐሰበ። የወንድሙ ልጅ ከአዲስ አበባ የጊታር የብረት አውታር ገዝቶ ይዞለት መጣ። በዚያው ቀን አንድ የቅኔ መምህር ለጥየቃ መጥተው ነበርና ነገሩ በፊታቸው ተነሣ።

«ጋሼ፤ ይህን ካሰርንበት እስከ ልጅ ልጅ ድረስ አይበጠስም» አለ ወጣቱ።

የኔታ አውታሩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፦ «የማይበጠስ ከሆነማ፣ ልጄ፣ የሚሰበረው ምንድር ነው?» አሉት።

«ምንም አይሰበርም፣ የኔታ።»

«አንድ ነገርማ ይሰበራል። ሰው እንደ ሆነ መጠምዘዙን አይተውም።»

ወጣቱም ጨዋ ልጅ ነበርና ድምፁን ሳያነሣ፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኔታ፣ ፒያኖም እኮ አውታሩ ብረት ነው፤ ተሰበረ ሲባል ሰምተን አናውቅም» ብሎ መለሰ።

ይህ መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ፒያኖ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ነው ብሎ ማለፍም አይገባም። በ1923 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ የቀሰሙትን መንፈስ በፒያኖ አሰምተው በዓለም ዙሪያ ታውቀዋል። ስለዚህ የልጁን ጥያቄ ተቀብለን፣ የፒያኖ ብረት ለምን ፒያኖውን እንደማይሰብረው እንመርምር።

ፒያኖ 88 ቍልፎች ሲኖሩት አውታሮቹ ግን ወደ 230 ይጠጋሉ። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሽቦ፣ ወፍራሞቹ ሁለት፣ ከሁሉም የወፈሩት ጥቂቶቹ አንድ ብቻ አላቸው። የአንዱ ሽቦ ውጥረት የአንድ ጐልማሳ ሰው ክብደት ያህላል፤ የሁሉም በአንድነት ሲደመር በዛሬው ታላቅ ፒያኖ ላይ ወደ 20 ቶን ይደርሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እዚህ በቍጥር ይታያል። ይህንን ኀይል እንጨት ብቻውን ሊችለው አይችልም። በ1700 ገደማ በፍሎረንስ ከተማ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ፒያኖን ሲፈጥር አካሉ እንጨት ነበር፤ ስለዚህ ያሰረበት ሽቦ ቀጭንና ዝግ ያለ ውጥረት ያለው ነበር። ከዚያ በኋላ ትልቅ ድምፅ ስለ ተፈለገ ሽቦው እየወፈረ ሄደ፤ እንጨቱም መጣመም ጀመረ፤ ሠሪዎቹም በብረት ይደግፉት ጀመር። በመጨረሻም በ1825 በቦስተን ከተማ አልፊየስ ባብኮክ የሚባል ሰው ወጥ ሆኖ የፈሰሰ የብረት ክፈፍ ሠርቶ የባለቤትነት መብት ተቀበለበት። እንግዲህ ፒያኖ የብረት አውታር የቻለው አካሉም ብረት ስለ ሆነ ነው። ሽቦውና ተሸካሚው መቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ አብረው አደጉ እንጂ ሽቦው ብቻውን በአንድ ሌሊት አልጠነከረም።

ወጣቱ ያየው የነገሩን ፍጻሜ ነበር፤ መንገዱን አላየውም። ብዙ ጊዜም ከውጭ አገር የመጣ ነገር በእኛ ዘንድ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አውታሩን እናመጣለን፤ ክፈፉን ግን እንረሳለን። ይህን እንኳ ለሌላ ጊዜ ልተወው።

የፒያኖ አውታር የሚለውጡ ብልኆች ሥራቸውን እንዴት እንደሚጀምሩ ማወቅ ይጠቅማል። አሮጌውን ሽቦ ከመጣላቸው በፊት እያንዳንዱን በውፍረት መለኪያ ለክተው ይጽፋሉ። የወፍራሞቹን ድምፆች አውታር ሲለኩ ደግሞ ሥራው ይበዛል፤ ምክንያቱም እነዚህ አውታሮች ወጥ አይደሉም፤ በውስጣቸው የብረት ሽቦ አለ፣ በላዩም መዳብ ተጠምጥሞበታል። የውስጡ ውፍረት፣ የጥምጥሙ ውፍረት፣ ጥምጥሙ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ሁሉ ለየብቻው ይለካል፤ ከዚያም ለአውታር ሠሪ ይላካል።

መዳብ ለምን ተጠመጠመ? በ1636 ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ የአውታርን ሕግ ጽፎ ነበር። አውታር በእጥፍ ሲረዝም ድምፁ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለት በስምንት ድምፅ ይወርዳል፤ ውጥረቱ አራት እጥፍ ሲሆን በአንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ ክብደቱ አራት እጥፍ ሲሆን ደግሞ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል። በፒያኖ መካከል ያለው ላ የሚባለው ድምፅ አውታሩ 40 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከእርሱ አራት ኦክታቭ ዝቅ ያለውን የመጨረሻውን ላ በርዝመት ብቻ እናግኘው ብንል ዐሥራ ስድስት ጊዜ እጥፍ፣ ማለት ከስድስት ሜትር በላይ የሆነ አውታር ያስፈልገናል፤ ይህንን የሚችል አዳራሽ እንጂ ፒያኖ የለም። ሽቦውን አላልተን እናውርደው ብንል ድምፁ ይሞታል። እንግዲያው እናወፍረው ብንል፣ ወፍራም ብረት እንደ ዘንግ ግትር ይሆናል፤ ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚሰሙት ረቂቃን ድምፆች ከቦታቸው ወጥተው ይንጫጫሉ። ስለዚህ ጠቢባን ውስጡን ቀጭን አድርገው እንዲታጠፍ ተዉት፤ ክብደቱን ግን ከላይ በለስላሳ መዳብ ጨመሩለት። ክብደት ያለ ግትርነት ማለት ይህ ነው። በሰው መካከልም እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሽማግሌ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ቃሉ ከባድ ነው፣ እርሱ ግን አይገተርም።

የለካውን ሁሉ እንዳለ መቅዳት ግን አይበቃም። ከእጃችን የደረሰው ፒያኖ ከአሁን በፊት በሌላ ሰው አውታሩ ተለውጦለት ይሆናል፤ ያ ሰውም ያገኘውን ሽቦ አስሮበት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በጥንቃቄ ለክቶ የሚቀዳው ሰው የሚቀዳው የሠሪውን ሐሳብ ሳይሆን የአንድ ቸኳይ ሰውን ስሕተት ነው። ስለዚህ ብልኁ ሰው የአንዱን ልክ ከጎረቤቱ ልክ ጋር ያስተያያል፤ ውፍረቱ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ መጥቶ በአንድ ቦታ ላይ ያለ ምክንያት ቢዘል ይጠራጠራል። ከአባቶቼ የወረስሁት ልማድ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ሁሉ ይህን ምርመራ ቢያደርግ እወድ ነበር። ከአባቶች የተገኘ ሁሉ አባቶች የመረጡት አይደለም፤ አንዳንዱ በችግር ቀን የታሰረ ሽቦ ነው።

አሁን ወደ በገናው እንመለስ። ብረት በክብደቱ ከአንጀት ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። እንግዲህ በመርሴን ሕግ መሠረት ውፍረቱ እኩል የሆነ የብረት አውታር በዚያው ርዝመት ያንኑ ድምፅ ይሰጥ ዘንድ ስድስት እጥፍ ውጥረት ይፈልጋል። ስድስት በሬ የሚጐትተውን ቀንበር በአንድ በሬ ልክ በተጠረበ እንጨት ላይ መጫን ማለት ነው። አውታሩን በጣም አቅጥነን ውጥረቱን እንቀንሰው ይባል ይሆናል፤ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ድምፁ ሌላ ድምፅ ይሆናል፤ እንዚራውም ለቀጭን ብረት የተሠራ አይደለም።

ይሁን እንጂ ስለ ብረት በምንናገርበት ጊዜ እንዳንበድለው መጠንቀቅ ይገባል። ብዙ ሰው ጠንካራ አውታር አጥብቆ የሚስብ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ርዝመቱ፣ ክብደቱና ድምፁ አንድ ከሆነ ጠንካራው ሽቦም ደካማው ሽቦም የሚስቡት እኩል ነው። ጥንካሬ መሳብ አይደለም፤ ሳይበጠስ መቈየት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ደካማው አውታር ከልኩ አልፎ የተጠመዘዘ እንደ ሆነ ይበጠሳል፤ መበጠሱም መቃኛውን ለያዘው እጅ፦ እዚህ ላይ አቁም! የሚል ቃል ነው። ጠንካራው አውታር ግን ዝም ይላል። እጁ ይጠመዝዛል፤ አውታሩ ይችላል፤ ድምፁም ያምራል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምሰሶው በየቀኑ የፀጕር ያህል ይጎብጣል፤ ማንም አያየውም። የኔታ «ሰው እንደ ሆነ መጠምዘዙን አይተውም» ያሉት ይህንን ነው። ነቀፌታቸው በሰው እጅ ላይ ነበር፤ ለብረቱ ጥላቻ አልነበራቸውም።

ከዚህ የተነሣ የባለ እጆች ሕግ እንዲህ ይመስለኛል፦ ከሁለት ነገሮች አንዱ ኀይል በበዛ ጊዜ መውደቅ ካለበት፣ የሚተካው ለማይተካው ይውደቅለት። አውታር በአንድ በግ ይተካል፤ ያ እንጨት ግን ደርቆና ድምፅ ለምዶ እዚህ የደረሰው በሰው ዕድሜ ነው። የጎንቻ ገበሬ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው የቆዳ ምራን ነው። ማረሻው ከሥር ወይም ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ጊዜ ምራኑ ቢበጠስ ገበሬው እዚያው እርሻው ላይ ቋጥሮት ይቀጥላል፤ ሞፈሩ ቢሰበር ግን የዚያ ቀን እርሻ አበቃ፤ ቀጥ ያለ እንጨት ፍለጋ ጫካ ይወረዳል። ስለዚህ ምራኑን በብረት ሰንሰለት የሚለውጥ ገበሬ አላየሁም።

በኑሮአችን ግን ይህን ሕግ ገልብጠን የምንኖር ብዙዎች ነን። በአገራችን የወሰን ክርክር ያልገባበት ቀበሌ እምብዛም የለም። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው በተወላቸው መሬት መካከል ስላለች አንድ ክንድ ድንበር ይካሰሳሉ። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አይስማሙም። ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ አንዱ ይረታል፤ ሌላው ይግባኝ ይላል። ለጠበቃ፣ ለምስክር፣ ለመንገድ የወጣው ገንዘብ ሲታሰብ የድንበሪቱን ዋጋ ብዙ ጊዜ አልፎታል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንደኛቸውም ቢሆን ልቅሶ አይደራረሱም፤ ልጆቻቸው በአንድ ምንጭ ውሃ ሲቀዱ ሰላምታ አይሰጣጡም። ድንበሪቱ አውታር ነበረች፤ ወንድማማችነቱ እንጨቱ ነበር። አውታሩ እንዳይበጠስ ብለው እንጨቱን ሰበሩ። መሬቱ እንደ ሆነ አሁንም በቦታው አለ፤ ሁለት ጥማድ በሬ ያዞራል፤ የሚጠፋ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ተነሥቶ ሊቃወመኝ ይችላል። «እንደ አንተ አነጋገር ከሆነ ሰው መብቱን ሁሉ እየለቀቀ ይኑር ማለት ነው፤ የላላ አውታር ግን ድምፅ አይሰጥም» ይለኛል። እውነት ብሏል። አውታር መልካም ድምፅ የሚሰጠው ወደሚበጠስበት ልክ ጠጋ ሲል ነው እንጂ ሲልፈሰፈስ አይደለም፤ ይህን በገና ደርዳሪ ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ እኔ አትወጥሩ አላልሁም። የመሬቱን ነገር ይናገሩ፣ ሽማግሌ ያስቀምጡ፣ ማስረጃም ያቅርቡ። የምለው ውጥረቱ ከልክ ባለፈ ጊዜ ምን እንደሚበጠስ አስቀድማችሁ ምረጡ ነው። ሳይመርጡ የሚወጥሩ ሰዎች የሚበጠሰውን የሚመርጥላቸው ቍጣ ነው፤ ቍጣ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመርጠው ውዱን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከዚህ የበለጠ ይከብዳል፤ እኔንም ብዙ ቀን አስቸግሮኛል። የሚተካው ለማይተካው ይውደቅ ካልን፣ የሚተካው ማን ነው ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? በዓለም ላይ ጌታ ሁሉ ሎሌውን እንደ አውታር፣ ቤቱን እንደ እንጨት ሲቈጥር ኖሯል። «እርሱ ቢሄድ ሌላ ይመጣል» የሚል ቃል በስንት ቤት ተነግሯል! ገረዲቱ ታማ ብትወጣ ሌላ ትቀጠራለች፤ ቀን ሠራተኛው ከመወጣጫው ቢወድቅ በማግስቱ ሌላው ይወጣበታል፤ የቤቱ ሥነ ሥርዓት ግን አይናወጥም። ይህን የሚሠራ ሰው የእኔን ሕግ ጠቅሶ ራሱን ሊያጸድቅ ይችላል፤ ስለዚህ በሩን መዝጋት አለብኝ።

ለዚህ መልስ የምሻው እዚያው አገር ነው። ከሞጣ በታች በዐባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ያገናኝ ነበር። ከ1936 እስከ 1941 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቈየው በጣልያን ወረራ ዘመን የመካከሉ ቅስት ፈረሰና ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ከዚያ በኋላ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የብረት መሻገሪያ እስኪሠራ ድረስ ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። በዚህና በዚያ ያሉ ሰዎች ገመዱን ይዘው ይጐትታሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ ከበታቹ ዐባይ ነው።

በዚህ ገመድ ፊት ቆሜ የሚተካው ይበጠስ ብዬ እናገራለሁን? ገመድ ከገበያ ይገዛል፤ ከድንጋዩ ድልድይ ጋር ሲነጻጸርም ርካሽ ነው። ነገር ግን ሰው ከተንጠለጠለበት ጊዜ ጀምሮ ያ ገመድ ርካሽ መሆኑ አበቃ፤ ሰውዬው እስኪሻገር ድረስ ከድልድዩ ይልቅ ውድ ነው። የዕቃ ዋጋ በገዛ ራሱ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ የሚታወቀው በተንጠለጠለበት ነገር ነው። እንግዲህ ገረዲቱን አውታር የሚላት ሰው የተሳሳተው ሕጉን አይደለም፤ መዝገቡን ነው። ሰውን ከዕቃ መዝገብ ጻፈ። በዚያ ቤት አውታሩ ሌላ ነበር፤ የጌትዮው የእንቅልፍ ሰዓት፣ የእመቤቲቱ ግብዣ፣ የሚጠራቀመው ገንዘብ ነበር። ይህ ሁሉ ቢበጠስ ይቋጠራል። ሰው ግን፣ ያውም ደካማው ሰው፣ ምንጊዜም ከእንጨቱ ወገን ነው። እርሱ ቢሄድ ሌላ ይመጣል የሚባለው ሌላው ሰው እርሱ አይደለምና።

ይህን ከተናገርሁ በኋላ በመካከል ስላለው ነገር፣ ስለ ናይሎን፣ ጥቂት ልበል። ናይሎን በ1935 በአሜሪካ የተገኘ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለሐኪሞች የቍስል መስፊያ ስለ ተፈለገ የጊታር ሰዎች አውታር አጡ፤ በችግራቸውም ናይሎን ሞክረው ወደዱት። ዛሬ በአገራችንም ብዙ በገናና ክራር በናይሎን ይታሰራል፤ ይህን እንደ ክሕደት የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ክብደቱ ከአንጀት ትንሽ ያንሳል እንጂ አይበልጥምና በጥቂቱ ወፈር ያለውን መርጦ ላሰረ ሰው እንጨቱን አይጎዳውም። አንጀት ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ ቅኝቱ ይናወጣል፤ ደርዳሪውም ከጸሎቱ ይልቅ ከመቃኛው ጋር ሲታገል ያመሻል። ናይሎን በዚህ ይሻላል። በሌላ በኩል የአንጀት ድምፅ የሚጐረብጥ፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ የሚሻክር ነገር አለው፤ ናይሎን ይህን አያገኘውም። ይህ የጆሮ ጉዳይ ስለ ሆነ እያንዳንዱ በጆሮው ይፍረድ፤ ኀጢአት የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ኀጢአቱ ያለው ከመግዛቱ በፊት ቀንበሩን በእጁ ያልዳሰሰ ሰው ዘንድ ነው።

በግንደወይን የነበረው ክርክር ያለቀው በረጅም ንግግር አይደለም። ባለቤቱ በገናውን ከግድግዳው አውርዶ በጭኑ ላይ አጋደመው፤ ቀንበሩንም በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው። በአንድ መቃኛ ሥር እንደ ፀጕር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር፤ አባትየው በሕይወታቸው ሳሉ በጠፍር አስረውት ነበር። ወጣቱ ያን ጠፍር ባየ ጊዜ የብረቱን አውታር ራሱ ወደ ኪሱ መለሰ። «ጋሼ፣ ይህን ለጊታሬ አደርገዋለሁ» አለ። የኔታ የበግ አንጀት ይሻላል አሉ፤ ነገር ግን ጾሙ ስለ ደረሰ አንጀቱ እስኪደርቅ የሚያቈይ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ለጊዜው ናይሎን እንዲታሰርበት፣ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ደግሞ አንጀቱ እንዳይጣል ተስማሙ። እንዚራውን የኔታ ራሳቸው ከአሮጌ የመጽሐፍ ማኅደር ቍራጭ ቆዳ ላይ ቈረጡት፤ ለዐሥሩ ዐሥር፣ እያንዳንዱን በየልኩ።

ያልተበጠሱት ሦስቱ የአባትየው አውታሮችም ተፈቱ። ባለቤቱ ሊጥላቸው ሲል የኔታ እጁን ያዙት። ሦስቱንም በየተራ ጠቅልለው ስንተኛ አውታር እንደ ነበሩ በክር ቋጠሮ ምልክት አደረጉባቸው፤ አንድ፣ አራት፣ ሰባት። ከዚያም በትንሽ ከረጢት ከትተው ከበገናው ምሰሶ ላይ አንጠለጠሉት፤ ወደ ፊት አውታሩን የሚለውጠው ሰው እንዲለካበት ነው።